ብርሃን ወረደ እንጂ ሙቀት አልወረደም

ፈረንጅ ክረምት ሲል በረዶ ማለቱ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው። ብርዱ ግን የሚመጣው ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ "ተመስገን፣ በጋ ገባ" ባልን ማግስት ነው። ይሄ ደብረ ብርሃን ላልኖረ ሰው አይገባውም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደመና የሚባል ነገር ስለማይኖር ምድሪቱ ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ለቃ ራቁቷን ታድራለች። ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሯት ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ ታየ ተብሎ ነው። ልብ አድርጉ፤ ብርሃን ወረደ ተባለ እንጂ ሙቀት ወረደ ያለ የለም።

እዚህ ከተማ ነው እንግዲህ እኔ ስኩተር የገዛሁት። የገዛሁት በግንቦት ነው። በግንቦት ሁሉም ነገር ይነሳል።

ከስኩተሮች ሁሉ ስመ ጥሯ እህት ቬስፓ ናት። በ1946 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ነው የተወለደችው፤ ስሟም በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። የኔዋ ቬስፓ አይደለችም። የማን ልጅ እንደሆነችም አልናገርም፤ ሰው ማሳጣት ነው። አሮጌ ናት፣ ማርሿ በእጅ ይቀየራል፣ የምትነሳው በእግር ተረግጣ ነው። በተርብነት ግን ከማንም አታንስም። ተርብም በብርድ አይነሳም።

ባለፈው ታኅሣሥ ጫጫ ከተማ ለቅሶ ነበረብኝ። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አጎቱ ሞተው። ሰውዬውን በሕይወት አይቻቸው አላውቅም፤ ግን እኔ ሳዝን እሱ መጥቷል፣ ብድር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስኩተሯን ከግቢ አወጣኋት። ቤንዚኑን ከፈትኩ፣ የአየር መዝጊያዋን ሳብኩ፣ ረገጥኩ። ምንም። ረገጥኩ። "እህህ" አለች፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ። ረገጥኩ። እሱንም ተወችው።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ተኑ ነው፤ በብርድ ደግሞ ቤንዚን ተነስ ቢሉት አይተንም። ስለዚህ አየሩን ቀነስ፣ ቤንዚኑን ጨመር ታደርግላታለህ። ችግሩ እኛ ጋ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ትንሽ ካበዛህባት ካንዴላው ይርስና ጭራሽ ትታፈናለች። ቢያንሳት ብርድ፣ ቢበዛባት ጥጋብ። መሃሏ ያለችውን ቀጭን መስመር የሚያውቃት እግዜርና የቀድሞ ባለቤቷ ናቸው። የቀድሞ ባለቤቷ ስልክ አያነሳም።

አምስተኛው ርግጫ ላይ ሰፈሩ ወጣ።

በእኛ አገር ያልተነሳ ሞተር አጠገብ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። መጀመሪያ የመጡት በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ሲመላለሱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጋሼ ናቸው። ዞር ዞር ብለው አይዋት።

"ከሥሯ እሳት አንድድላት።"

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ናፍጣ አይደለችም። ቤንዚን ናት።"

"ያው ነው። ብርድ የማይፈራ የለም።"

ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው እትዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆመች። "ዓይን ነው" አለች። "ግንቦት ላይ ያንን ሁሉ ስታስጮሃት! ጠበል ርጫት።" የማዶው ተማሪ "ብሮ፣ ካርቡሬተሩን ፍታው" አለኝ፤ ቲክቶክ ላይ አይቷል። ባለሱቁ ከመስኮቱ ሳይወጣ "ሽጣት" አለ። አንዱ ደግሞ ፈጽሞ የማላውቀው ሰው፣ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ይመስለኛል፣ ዳቦውን ረስቶ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ቆሞ በየርግጫው "አሁን ልትል ነበር፣ አሁን ልትል ነበር" እያለ ያጽናናኛል። ሁሉም አዘነ፣ ሁሉም መከረ። እጁን ከጋቢው ያወጣ ግን አንድም የለም። አልፈርድም፣ ብርድ ነው፤ ምክር ደግሞ ጋቢ ውስጥ ሆኖም ይሰጣል።

ሃያ ምናምነኛው ላይ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከጭሱ ውስጥ በአንድ ድምፅ "አላልኩህም?!" ሲሉ ብቻ ሰማሁ። እሳቱም፣ ጠበሉም፣ ካርቡሬተሩም። ባለሱቁ እንኳን "አላልኩህም" አለ። ሽጣት አይደል እንዴ ያልከኝ?

ማስነሳቱ ትልቁ ፈተና የሚመስለው ነድቶ የማያውቅ ነው። ስኩተር ላይ ብርድ አያገኝህም፤ አንተ ነህ ሄደህ የምታገኘው። 5 ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከነዳህ ሰውነትህ የሚሰማው ዜሮ ገደማ ነው፤ ንፋሱን ራስህ እያመረትክ ራስህ ትበላዋለህ። ለዚህ ነው ጃኬት ሥር ካርቶን የምናደርገው። እግሬ ላይ ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከላዩ ጫማ። ደረቴ ላይ የፓስታ ካርቶን። ስተነፍስ ሁሉ "ቋ" ይላል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ እየኖርኩ ፓስታ ለብሼ መሄዴ ቅር ይለኛል፣ ግን ብርድ ልብስ ደርቦ መንዳት ደግሞ ጎማው አንዴ ከጎተተው አለቀልህ።

ከዚያ የራስ ቁሩ አለ። መስተዋቱን ስትዘጋው ትንፋሽህ ይሸፍነውና ምንም አይታይህም። ስትከፍተው ንፋሱ ዓይንህን ያስለቅስሃል። ወይ መታወር ወይ ማልቀስ ነው። እኔ ለቅሶውን መረጥኩ። ጫጫ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየሄደ ነዳሁ።

ድንኳኑ ጋ ደርሼ ወረድኩ፤ ጉልበቴ አልዘረጋ ስላለ ጎንበስ እንዳልኩ ገባሁ። አፍንጫዬ ቀልቷል፣ ዓይኔ ፍም መስሏል፣ እንባዬ ይወርዳል። "እግዜር ያጥናችሁ" ልል አፌን ብከፍት መንጋጋዬ እየተንቀጠቀጠ "እ... እግ... እግ..." ብቻ ወጣኝ። ድንኳኑ ዝም አለ። ከዚያ ጋብ ብሎ የነበረው የሴቶቹ ለቅሶ እንደ አዲስ ፈላ። ሁለት ሽማግሌዎች ብብቴ ሥር ገብተው ደግፈው አስቀመጡኝ። "በቃህ፣ በቃህ የኔ ልጅ። እሳቸው ዕድሜ ጠግበዋል።" አንዱ ጋቢ ደረበልኝ፣ ሌላው መለኪያ አረቄ ጨበጥ አደረገኝ። ሲያቅፉኝ ደረቴ "ቋ" አለ። "ምን ያህል ቢከሳ ነው!" አሉ አንዲት እናት።

ጓደኛዬ፣ ዋናው ሐዘንተኛ፣ በደረቅ ዓይኑ ከማዶ ያፈጥብኛል። አጎቱን ከእኔ አሳንሶ የወደደ መሰለ።

እንባው አልቆም አለ። ሰውነቴ ሲሞቅማ ጭራሽ ባሰበት፣ አፍንጫዬም ተከተለው። ንፍሮውን እየቆረጠምኩ ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"ምናቸው ነው?"

"እንጃ። ስም የለም፣ ዝም ብሎ ያለቅሳል።"

"ግንባሩን አየሽው?"

"አየሁት እንጂ! ቁርጥ እሳቸውን!"

ዞር ስል ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የሟች ልጆች፣ ሦስት ግዙፍ ወንዶች፣ ድንኳኑ ጥግ ቆመው ወደ እኔ እያዩ ሲመካከሩ አየሁ። ትልቁ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራዬን ጠየቀኝ። እናቴ የት አገር እንደሆነች ጠየቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ "ቤቱ እንኳን በእናታችን ስም ነው" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስ? "እግዜር ያቆይላችሁ" አልኩት። እንባዬ አሁንም ይወርዳል። እሱ ይሄንን በሌላ ሳይተረጉመው አልቀረም፣ ፊቱ ጠቆረ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልሂድ ብዬ ወጣሁ። ስኩተሯ በጥላው ስትቀዘቅዝ ነው የዋለችው። ረገጥኩ። "እህህ" አለች። ደግሜ ልረግጥ እግሬን ሳነሳ ሦስቱ ወንድማማቾች ከድንኳኑ ወጡ። ምክር የለም፣ ጥያቄ የለም፣ ጋቢያቸውን አውልቀው ለልጅ ሰጡ። በሕይወቴ ሳልለምን ሞተር የተገፋልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ይዤ ተቀመጥኩ። ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ አዙረው፣ ሬሳ ሲሸኝ እንኳን በማይሮጥ ሩጫ ገፉኝ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ጓ ብላ ተነሳች።

ዞሬ የማንም ልጅ አይደለሁም፣ ብርድ ነው ልላቸው ነበር። ግን ካቆምኩ አትነሳም።