ሶሱን ቶሎ አትቀቡት

እህቴ፣ የባርቤኪው ሶስ አሠራርሽ ጥሩ ነው፤ የቲማቲም ድልህ፣ ቡናማ ስኳር፣ ማር፣ አቼቶ፣ ሚጥሚጣ፣ ምንም አይወጣለትም። «ዶሮው ከሰሉ ላይ ከመጣዱ በፊት ቀቡት፣ ጣዕሙ እስከ አጥንቱ ይገባል» ያልሽው ግን ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው።

አይገባም። ወደ ስጋው ዘልቆ የሚሄደው በዋናነት ጨው ነው፤ ስኳሩና ቅመሙ ላይ ላዩን ይቀራሉ። ተራ ስኳር ደግሞ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቀለሙ መለወጥ ይጀምራል፣ ማር ከዚያም ይቀድማል። የጋለ ከሰል ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ዶሮው ውስጡ ጥሬ ሳለ ላዩ ጠቁሮ ይመራል። (እኔም እንግዳ ጠርቼ አቅርቤዋለሁ፤ ለይሉኝታ በሉልኝ።)

ጨውና ደረቅ ቅመም አሽተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ሶሱን ሊበስል 10 ወይም 15 ደቂቃ ሲቀረው፣ እሳቱ ቀዝቀዝ ወዳለበት ጎን አውጥተሽ በስሱ ሁለቴ ቀቢው። ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ አውርጂ።

በአሜሪካዋ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ስጋው ገና እየበሰለ ሶስ ያርከፈክፉበታል፣ እውነት ነው። የእነሱ ግን አቼቶና በርበሬ ነው፤ ስኳሩ እዚህ ግባ አይባልም።