በሥዕሉ ግርጌ ዕዳውም ይጻፍ

እ.ኤ.አ. በ2024 የቶኪዮ የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስለ ዮሺዋራ ያዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ገና ሳይከፈት ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ ማስታወቂያው ያን የኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር የውበትና የደስታ ስፍራ አስመስሎ አቅርቦታል ተብሎ። አዘጋጆቹ በቦታው የተፈጸመው የሴቶችን ሰብዓዊ መብት የጣሰ እንደነበር የሚገልጽ መግለጫ ለማውጣት ተገደዱ። ተቃውሞው ትክክል ነበር፤ የዚያን ሰፈር ሴቶች የሚያሳዩ የጃፓን የእንጨት ኅትመት ሥዕሎችን የያዙ የሌሎች አገሮች ሙዚየሞችም ሊሰሙት ይገባል።

ዮሺዋራ እ.ኤ.አ. በ1617 በመንግሥት ፈቃድ ተቋቁሞ፣ ከ1657ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ወደ አሳኩሳ አቅራቢያ የተዛወረ፣ በውኃ ቦይ የተከበበና ጥበቃ የሚደረግበት አንድ ዋና በር የነበረው ሰፈር ነው። የድሃ ቤተሰብ ልጃገረዶች፣ አንዳንዶቹም ገና በሕፃንነታቸው፣ ወላጆቻቸው አስቀድመው በሚቀበሉት ገንዘብ ለቤቱ ባለቤት ይሰጡ ነበር። ውሉ አሥር ዓመት ያህል ይባል እንጂ፣ የልብሱ፣ የአልጋ ልብሱና ተከትለዋት የሚሄዱት ታናናሽ አገልጋይ ልጃገረዶች ወጪ ሁሉ በሴቲቱ ላይ ስለሚቆጠር ዕዳዋ ከመቅለል ይልቅ ይከብድ ነበር። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ተመልካች የሚያደንቀው ያ ድርብርብ ኪሞኖ የዕዳዋ አንድ ክፍል ነው፤ የሠዓሊው የኢሶዳ ኮርዩሳይ ከመቶ በላይ ሥዕሎች ያሉት ዝነኛ ተከታታይ ሥራ ደግሞ አዲስ የልብስ ጥለቶችን ከሴቶቹና ከቤቶቹ ስም ጋር ያስተዋውቅ ነበር።

አሳታሚውም ከንግዱ የራቀ አልነበረም። የዝነኛውን ሠዓሊ የኡታማሮን ምርጥ ሥራዎች ያሳተመው ትሱታያ ጁዛቡሮ እዚያው ዮሺዋራ ተወልዶ፣ በበሩ አጠገብ መደብር ከፍቶ፣ ቤቶቹንና ሴቶቹን የሚዘረዝር የደንበኞች መምሪያ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። በሥዕሎቹ ላይ የሚታየው ሃናኦጊ የሚለው ዝነኛ የሴተኛ አዳሪ ስም እንኳ የአንዲት ሴት አልነበረም፤ አንዷ ስትሄድ ቤቱ ለሌላዋ ያወርሰው ነበር።

ሴቶቹ ባለቅኔዎችና የቁም ጽሕፈት ባለሙያዎች ስለነበሩ ሥዕሎቹ ክብራቸውን ይመሰክራሉ የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1784 የወጣው የሠዓሊው የኪታኦ ማሳኖቡ የሥዕል ጥራዝ ግጥሞቻቸውን በገዛ እጅ ጽሑፋቸው አቅርቧልና ይህን አልክድም። ነገር ግን እነዚያ ከብዙ ሺህ ሴቶች መካከል እጅግ ጥቂቶቹ ነበሩ። የሞቱት ብዙዎች በሚኖዋ በሚገኘው በጆካንጂ ቤተ መቅደስ ያለ ወግ ተቀብረዋል፤ ቁጥራቸው 25 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል።

ሥዕሎቹ ከግድግዳ ይውረዱ አልልም። ኡታማሮ እ.ኤ.አ. በ1794 ገደማ በሠራው የዮሺዋራን አሥራ ሁለት ሰዓታት በሚያሳየው ተከታታይ ሥራው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከመኝታዋ የተነሣች ሴት በአንድ እጇ የበራ ጧፍ ይዛ፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ፣ በእግሯ ጫማዋን ስትፈልግ ያሳያል። ደንበኛው በሥዕሉ ውስጥ የለም። ድካሟን እንዲህ ያየ ሠዓሊ ሊታይ ይገባዋል፤ ሙዚየሞችም ከግርጌው በሚለጥፉት ጽሑፍ ላይ፣ ከሠዓሊው ስምና ከኪሞኖው ጥለት ቀጥሎ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች በልጅነታቸው በገንዘብ እንደተሰጡና ዕዳቸውን ሳይጨርሱ ከበሩ መውጣት እንደማይችሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሊጨምሩ ይችላሉ።