አልጣልኩትም፣ አስቀመጥኩት

ባለፈው እሑድ እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ላይ አንድ ጀግና አየሁ። አዲስ ቱታ ለብሷል። ውኃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ባዶው ሃይላንድ እጁ ላይ ነው። ይጥለዋል ብላችሁ ነው አይደል? ተሳስታችኋል። እሱ እንደዚያ ያለ ስድ አይደለም።

ቆይ፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እኔን ተራራ ላይ ምን እንዳወጣኝ ልንገራችሁ። ጉልበቴ እንደሆነ ካመፀ ቆይቷል።

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ጂኦካሺንግ የሚሉት ጨዋታ ይዞታል። አንዱ ሰው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ትንሽ ሳጥን ከቤት ውጭ ይደብቃል። ቦታውን በቁጥር፣ ከነኬክሮሱ ከነኬንትሮሱ፣ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ሲያገኘው ውስጡ ያለችው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ መልሶ እንደነበረ ይደብቀዋል። አለቀ።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። አሜሪካ ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን ስታቆም፣ ወዲያው ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። ውስጡ ወንጭፍና የቆርቆሮ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት።

«ባልዲ ደብቆ ነው ስሙ የተጻፈው?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ።»

ሳቅኩ። እኛ ሐዋሳ ላይ ስንት ዓመት የደበቅነውን ማን ጻፈልን?

እነሱማ ደንብ አብዝተዋል። መሬት ቆፍሮ መቅበር ክልክል። ዛፍ ላይ ምስማር መምታት ክልክል። ምግብ ማስቀመጥ ክልክል፣ እንስሳ ይሸተዋላ። የቦታውን ባለቤት ማስፈቀድም አለ። ከሳጥኑ ዕቃ የወሰደ ደግሞ ዋጋው እኩል የሆነ ወይም የሚበልጥ ነገር መተው አለበት።

ይህችን የመጨረሻዋን እኛ ሳንማራት ነው የምናከብራት። አንድ ቤተሰብ ፍቅር ሐይቅ ይመጣል። ከዛፉ ጥላ ይወስዳል። ከሐይቁ ነፋሻ አየር ይወስዳል። ምትኩን ሳይተው ግን አይነሳም። የሕፃኑን ዳይፐር በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ ሦስት ጊዜ ቋጥሮ፣ የዛፉ ሥር መሃል ይሸጉጠዋል። በሚዛን ከሄድን ከወሰደው የበለጠ ትቷል። ጫት ቃሚው ወንድማችንም ገረባውን እንዲሁ ሜዳ ላይ አይበትንም። ሰብሰብ አድርጎ ቁጥቋጦ ያለብሰዋል።

ፊርማም ቢሆን አንታማም። የነሱ ደብተር ውኃ ከገባበት ይበሰብሳል። የኛ ድንጋይ ላይ በቀለም፣ ግንድ ላይ በጩቤ ነው። ከነልቡ፣ ከነቀስቱ። ጥንዶቹ ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ አግብተው ይሆናል፤ ዛፉ ግን እስከ ዛሬ አብረው ናቸው እያለ ነው።

ወደ ጀግናዬ ልመለስ።

መጀመሪያ ግራና ቀኝ አየ። ቁጥቋጦውን ከፈት አድርጎ አጎነበሰ። የሌላ ሰው ሃይላንድ ተኝቶበታል። ቀና አለ። የሰው ቦታ አይቀማም፣ ጨዋ ነው። አለፍ ብሎ አንድ የድንጋይ ስንጥቅ አገኘ። ሞከረው፣ ጠርሙሱ አልገባም አለ። ክዳኑን ከፈተ። መሬት ላይ አስተኝቶ ቁጭ አለበት። ጣ፣ ጣ፣ ጣ! አየሩ ወጣ። እንደ ፎጣ ጠመዘዘው። ክዳኑን መልሶ ገጠመ፣ ያለበለዚያ እንደገና ይነፋላ። ስንጥቁ ውስጥ ከተተና በተረከዙ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ እንደ ሠዓሊ ተመለከተ። አልረካም። ሰማያዊው ክዳን ትንሽ ይታያል። ሣር ነጨ፣ ወተፈ። አሁንም አልረካም። ድንጋይ ፍለጋ ሄደ። ያመጣው ድንጋይ አነሰ። መለሰውና ትልቅ ይዞ መጣ። ልብ በሉ፣ ድንጋዩንም ወደ ቦታው መልሷል! በመጨረሻ ደፈነው። እጁን አራገፈ። እኔ እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አይቻለሁ።

ጂኦካሺንግ ላይ ሳጥኑን የማግኘቱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5፣ የመንገዱም ከ1 እስከ 5 ይመዘናል። እኔ ለዚህ ሰው 5 ለ5 ሰጥቼዋለሁ። ባዶው ሃይላንድ ከስልኩ የቀለለ ነበር። ሙሉውን ተሸክሞት ወጥቷል እኮ! ባዶው ነው ቁልቁለት ላይ የከበደው።

አልቻልኩም። «ወንድም፣ ምነው ጣልከው?» አልኩት።

ደነገጠ። ከልቡ ነው የተቀየመኝ። «ኧረ ጋሼ! አልጣልኩትም። አስቀመጥኩት እንጂ!»

አስቀመጠው። ለማን? ለልጅ ልጆቹ ይሆናል፣ ይደርስላቸዋል። በነገራችን ላይ ውጭ አገር የጨዋታው ሳጥን ቦምብ መስሎ ፖሊስ የተጠራበት ጊዜ አለ። የኛ ማንንም አያስደነግጥም። በየስንጥቁ ፌስታል ባይታይ ነው የሚያስደነግጠን።

የእህቴ ልጅ ለካ እሱም አንዲት ሳጥን ይዞ ኖሯል። ቦታው ከተመቸ አስፈቅዶ ሊደብቃት ነው ሐሳቡ። በየድንጋዩ ሥር እያጎነበሰ አየ። አንዱ ጋ የለስላሳ ጣሳ። አንዱ ጋ የብስኩት ላስቲክ። አንዱ ጋ ምንነቱን ያላጣራነው ነገር። ተራራው ሙሉ ተይዟል። ሳጥኑን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተታት።

ሌሎችም ባለሙያዎች አሉን። ለጽዳት ዘመቻ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው የሚመጡት ለምሳሌ። ፎቶው ይነሳል። ከዚያ የጽዳቱ ጓንት የት እንደሚገባ አታውቁም። እኔ አውቃለሁ፣ ከአጥሩ ጀርባ ነው። ሐይቁ ዳር ለፎቶ የሚመጡት ሙሽሮችም የፕላስቲክ አበባቸውን ለቄጠማው አደራ ሰጥተው ይሄዳሉ።

ይሄ ሁሉ ድብብቆሽ የሚያበቃው ክረምት ሲገባ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ «ኩኩሉ» ስንል እንከርማለን። ጎርፉ «ነጋ!» ይላል። ከየስንጥቁ፣ ከየሥሩ፣ ከየቦዩ ለቅሞ ወደ ሐይቁ ይዞት ይወርዳል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው እዚያው ነው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ የሚኖረው እዚያው ነው። እኛም የምንበላው ያንኑ ቆሮሶ ነው።

ባለፈው ወር አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚበልት አንድ ልጅ እግሩን ሲቆረጥ አየሁ። ባዶ እግሩን ነበር። ውስጥ እግሩ ላይ የገባው የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ነው። ስባሪው ቅጠል ለብሶ ነበር። ቅጠል! ነፋስ ያመጣው ቅጠል አይደለም፣ በእጅ የተደረደረ ነው። ያ ሰው ጠርሙሱ እንደሚቆርጥ አውቋል። ማፈርም አፍሯል። ያፈረው ግን ለራሱ ነው፣ ለልጁ እግር አይደለም። ሜዳ ላይ ጥሎት ቢሄድ እኮ ልጁ ያየው ነበር! አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞሮች እንኳ ከዚያ ልጅ አጠገብ ፈቀቅ ብለው ቆመው ነበር። ሰውየው ግን እቤቱ ገብቶ እንቅልፉን ለጥጧል።

ይቅርታ። ማመስገን ጀምሬ ነበር።

ጂኦካሺንግ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የያዙት አንድ ልማድ አላቸው። ሳጥን ፍለጋ የሄደ ሰው መንገዱ ላይ ያገኘውን ቆሻሻ ለቅሞ ይዞ ይወጣል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከቦርሳው ባዶ ማዳበሪያ ሲያወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ቁልቁል እየለቀምን ወረድን። ጉልበቴን አትጠይቁኝ። የጀግናዬን ሃይላንድ ለማውጣት ብቻ ሁለታችንም ድንጋዩን መግፋት ነበረብን። በደንብ ነበር ያስቀመጠው።

ታች ስንደርስ ማዳበሪያው ሞልቷል። የቆሻሻ መጣያ ፈለግን፣ የለም። ቤት እንውሰደው ብለን ባጃጅ አስቆምን። ሹፌሩ ማዳበሪያውን አየና ከንፈሩን መጠጠልን። አዝኖልናል።

«ምን አስለፋችሁ አባቴ? እዚያች ግንብ ሥር አስቀምጡት። ማንም አያየውም።»

የእህቴ ልጅ ስልኩን አወጣ።

«ጋሼ፣ ኬክሮሱን ልመዝግበው?»