አጎቴ፣ ደላላው እና እህል በረንዳ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ለእያንዳንዱ ገበሬ ስማርት ስልክና መተግበሪያ ቢደርሰው የገጠር ድህነት ይቀንሳል» ይላል። ሐሳቡ አይከፋም፤ ግን ትንሽ ቸኩሏል።

እኔ የምሠራው መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ ነው። አጎቴ ጎጃም ጤፍ ያመርታል። ያለችው ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ትቆያለች (የኔዋ ስማርት ምሳ ሰዓትም አትደርስ!)። ደላላ ደጁ ሲመጣ «ቆይ አንዴ» ይልና ይደውልልኛል። «ሰርገኛ ዛሬ ስንት ገባ?» እነግረዋለሁ። ደላላው እያጉረመረመ ዋጋ ይጨምራል። በቃ፣ ቴክኖሎጂው ይኸው ነው። ክረምት ላይ መኪና የሚያስገባ መንገድ ግን በስልክ አይመጣም።

8028 የሚባለውን የስልክ ቁጥርም ያሳወቀኝ አጎቴ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ ነጻ የገበሬዎች መስመር ነው። ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ሰብል በሽታ በድምፅ ይነግራል። ማንበብ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። አማርኛ ብቻም አይደለም፤ ኦሮምኛና ትግርኛም አለው።

መተግበሪያ ሠሪዎቹ ግን ቦሌ ካፌ ቁጭ ብለው ለማን እንደሚሠሩ እንጃ። አንድ ቀን እህል በረንዳ ብቅ ቢሉ ሻይ በኔ።