ሕጉማ ድሮም አለ
«አዲስ ሕግ ከወጣ የእስረኛ አያያዝ ይስተካከላል» የሚለው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እኮ ከ1987 ጀምሮ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው። ወንድሜ ከባሕር ዳር ወጣ ባለ ማረሚያ ቤት በነበረ ጊዜ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ወጡን ራስህ ቅመስ ትባላለህ፣ እንጀራው አንድ በአንድ እየተገለጠ ይፈተሻል። እሱስ ይሁን፣ ለጥበቃ ነው። ያንገበገበኝ ሰዓቱ ነው። ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር፣ ከዚያ በሚኒባስ ተሳፍረው የመጡ እናት፣ አገልግላቸውን እንደታቀፉ «ሰዓት አልፏል፣ ነገ ይምጡ» ተባሉ። የት አድረው? ጀልባውስ በነጻ ነው እንዴ? ሰዓቱን የሚቆርጠው የግቢው ኃላፊ ነው፤ ሲለው ያሳጥረዋል፣ ማስታወቂያም አይለጥፍም። ሕግ መከለሱ ካልቀረ ከሩቅ ለሚመጣ ጠያቂ የተለየ ሰዓት ይጻፍበት፣ ያለ ምክንያት የከለከለውም ይጠየቅበት። ከላይ በአስተያየትህ «ወንጀለኛ ሆቴል አማረው እንዴ?» ላልከው ወንድምዓለም፦ እዚያ ግቢ ገና ያልተፈረደበት የቀጠሮ እስረኛም አለ። አንቀጽ 20 እሱን እንደ ጥፋተኛ አትቁጠሩት ይላል። የተፈረደበትስ ቢሆን ሆቴል ማን ጠየቀ? እናቱ ያመጡለት ሽሮ ሳይበላሽ ይድረሰው ነው የተባለው። ደግሞ መንግሥት የሚያቀርበው ምግብ ስለማይበቃ ነው ቤተሰብ ስንቅ የሚቋጥረው፤ ጽሑፉ ስለ በጀት አንዲት መስመር እንኳ አለመጻፉ ገርሞኛል።