የዲጂታል ሚዲያ ኮሌጅ የሚመዘነው በኮምፒውተሩ አይደለም

«ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያለውን ነገር ኮሌጅ ገብቶ መማር ምን ይሉታል?» ልጅ ግራፊክ ዲዛይን፣ አኒሜሽን ወይም ፊልም ላጥና ባለ ቁጥር ከቤተሰብ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ነው። ሁለተኛው «ከዚያስ ምን ልትበላ ነው?» የሚለው ነው። ወደ ሁለተኛው እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን ግማሹ እውነት ስለሆነ በስድብ ወይም በሳቅ የሚታለፍ አይደለም።

ሶፍትዌር ለመማር ኮሌጅ አያስፈልግም። ሌየር (የሥዕል ንብርብር) እንዴት እንደሚደረብ፣ ቀለም እንዴት እንደሚስተካከል፣ ቪዲዮ የት ጋ እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ቪዲዮ በሽ በሽ ነው። መሣሪያውም እንደ ድሮው ባለሀብት ብቻ የሚነካው አይደለም። ብሌንደር የሚባለው የስሪዲ አኒሜሽን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በነፃ ይገኛል። በዚሁ ሶፍትዌር የተሠራው «ፍሎው» የተባለ የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም በ2025 የምርጥ አኒሜሽን ፊልም ኦስካርን ከትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች አፍ ነጥቆ ወስዷል።

ስለዚህ የትምህርት ዝርዝሩ «ፎቶሾፕ አንድ»፣ «ፎቶሾፕ ሁለት»፣ «ኤዲቲንግ በፕሪሚየር» እያለ የሚቀጥል ኮሌጅ ካያችሁ ጠያቂዎቹ ቤተሰቦች ልክ ናቸው። ያ ኮሌጅ በነፃ የሚገኝን ነገር እየሸጠ ነው። ያውም ቶሎ የሚያረጅ ነገር።

እርጅናው ቀልድ አይደለም። ፍላሽ የሚባለው ሶፍትዌር በአንድ ወቅት የኢንተርኔት አኒሜሽን ማለት እሱ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሙሉ ሴሚስተር ይመድቡለት ነበር። አዶቤ ለፍላሽ ማጫወቻው የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ አቋረጠና ነገሩ አበቃ። አፕልም በ2011 ፋይናል ከት የተባለውን የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ከሥሩ ለውጦ ሲያወጣ አዲሱ ሶፍትዌር በአሮጌው የተሠሩ ፕሮጀክቶችን እንኳ አይከፍትም ነበር። ብዙ ኤዲተሮች ተናደው ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሄዱ። ሲሄዱ ግን ሙያቸው አብሯቸው ሄደ። የተወሰኑ ሳምንታት ቁልፍ ፍለጋ ላይ አጠፉ እንጂ ሲን የት ላይ እንደሚቆረጥ እንደገና የተማረ የለም።

ታዲያ ያ አብሮ የሚሄደው ነገር ምንድን ነው? አንድ የቤት ሥራ ልውሰድ።

በአኒሜሽን ትምህርት የመጀመሪያው ልምምድ ብዙውን ጊዜ የምትነጥር ኳስ ናት። ቀላል ይመስላል። ተማሪው ኳሷን ከላይ ያስቀምጣል፣ ከታች ያስቀምጣል፣ መሐሉን በእኩል በእኩል ርቀት ይሞላል። ሲያጫውተው ኳሷ አትወድቅም። የሆነ ሰው በገመድ ይዞ የሚያወርዳት ትመስላለች። የት ጋ እንደተበላሸ ግን አይታየውም፤ እያንዳንዱ ሥዕል በጥንቃቄ ተስሏላ!

ጥሩ መምህር እዚህ ጋ አጠገቡ ቁጭ ይልና ፍሬሞቹን፣ ማለትም ነጠላ ነጠላዎቹን ሥዕሎች፣ አንድ በአንድ ያሳየዋል። ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ነው። ከ1.2 ሜትር ገደማ ከፍታ የተለቀቀች ኳስ መሬት ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ይበቃታል፤ 12 ፍሬም ማለት ነው። በእነዚያ 12 ፍሬሞች ግን ጉዞዋ እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ፍሬም አንድ እጅ ከወረደች በሁለተኛው ሦስት እጅ፣ በሦስተኛው አምስት እጅ ትወርዳለች። ከላይ ኳሶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ወደ መሬት ሲቀርቡ ይራራቃሉ። ነጥራ ስትወጣ ተቃራኒው ነው። ተማሪው አንድም ሥዕል ሳይጨምር ርቀቱን ብቻ ያስተካክላል፤ ኳሷም ክብደት ታገኛለች። የምትነጥርበትን ከፍታና የፍሬሞቹን ክፍተት ሲለዋውጥ አንዴ የፒንግፖንግ ኳስ ትሆንለታለች፣ አንዴ የብረት።

ይኼስ ዩቲዩብ ላይ የለም? ሞልቷል። ቪዲዮው ግን የራሱን ኳስ ነው የሚያሳያችሁ። የእናንተን ኳስ አላየም፣ አያይምም። አጥብቄ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጅ ሊከፈልበት የሚገባው ዋና ነገር ሥራችሁን በቅርብ አይቶ የጎደለውን የሚነግራችሁ ሰው መኖሩ ነው። መምህርም ይሁን የክፍል ጓደኛ። ሌላው ሁሉ፣ ስቱዲዮውም ካሜራውም ባለ ትልቅ ስክሪን ኮምፒውተሩም፣ ለዚህ ማገዣ ነው።

ታሪኩም ይህን ያሳያል። በ1919 ሁለት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። አንዱ በጀርመኗ ቫይማር የተቋቋመው ባውሃውስ የተባለ የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አዲስ ተማሪ ወደ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት የመግቢያ ኮርስ መውሰድ ነበረበት፤ ቅርፅ፣ ቀለም፣ የእንጨትና የወረቀት ጠባይ ይማርበታል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ፋውንዴሽን» እየተባለ የሚሰጠው የአንደኛ ዓመት ትምህርት ብዙ ነገሩን የወረሰው ከዚያ ነው። ሌላው በሞስኮ የተከፈተው የፊልም ትምህርት ቤት ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው ይባላል። ያኔ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ደቅቆ ጥሬ ፊልም እንኳ ማግኘት ጭንቅ ነበር። እዚያ ያስተማረው ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭና ተማሪዎቹ ታዲያ ካሜራ ሳይኖር ትዕይንቱን በአካል እየተወኑ፣ ልክ እንደሚቀረጽ እያሰቡ ይለማመዱ ነበር። የተገኘችውንም ቁራጭ ፊልም እየቀጣጠሉ ይሞክራሉ። የአንድ ተዋናይ ያው ፊት ከሾርባ ሳህን ቀጥሎ ሲመጣ ተመልካች የራበው ሰው ያየበታል፣ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ ሲመጣ ያዘነ ሰው። ዛሬም ድረስ ኤዲቲንግ የሚማር ሁሉ ይህን ሙከራ ሳይሰማ አያልፍም። ፊልም በሌለበት ፊልም ተምረዋል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አዲስ የካሜራ ሞዴል ስላልተገዛ ትምህርት ቆመ የሚል ተማሪ አይጠፋም!

ወደ ሂስ ክፍለ ጊዜ ልምጣ፤ የትምህርቱ ልብ እሱ ነው። ሥራው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም ስክሪን ላይ ይወጣል። ባለቤቱ ዝም ይላል። ይኼ ዝምታ ለአብዛኛው ሰው ከሥራው በላይ ይከብዳል። ሌሎቹ መጀመሪያ ያዩትን ይናገራሉ፤ ዐይናቸው መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ምን እንደገባቸው፣ የት ጋ እንደጠፋባቸው። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው። «አሪፍ ነው» ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ አሪፍነቱ የት ጋ እንደሆነ ይጠየቃል። ተማሪው ፖስተሩ ላይ ቀኑን በትልቁ ስለጻፈ ሁሉም ነገር የተሟላ መስሎት ሳለ ከ15 ሰው አንድም ቀኑን ያላየ እንደሌለ፣ ግን የት ቦታ እንደሆነ ማንም እንዳላነበበ እዚያው ይሰማል። ይኼን የመሰለ መረጃ በላይክ ብዛት አይገኝም። ላይክ የሚሰጥ ሰው ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ ያልፈዋል።

በርግጥ ሂስ የሚበላሽበትም መንገድ አለ። ተማሪን አስለቅሶ መላክ እንደ ጀግንነት የሚቆጥሩ መምህራን አሉ። ክፍሉን በሙሉ የእሳቸው ቅጂ የሚያደርጉም አሉ። የዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይ የሁሉም ሥራ አንድ ሰው የሠራው ከመሰለ ከኋላው እንዲህ ያለ መምህር እንዳለ ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ቤት ተቀምጦ የማይገኝ ነገር የቡድን ሥራ ነው። «የፍሎው ዳይሬክተር ራሱ ብቻውን የጀመረ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ጊንትስ ዚልባሎዲስ ከዚያ በፊት በ2019 ያወጣውን ረጅም አኒሜሽን ብቻውን ነው የሠራው። ኦስካር ያመጣውን ግን ከቡድን ጋር ነው የሠራው። ብቻውን ጨርሶ የወጣ ሰው አለ፤ ብርቅ ስለሆነም ነው ስሙን የምናውቀው።

የተማሪ ቡድን ምን ይመስላል? አምስት ሰው ይሰበሰባል፣ አምስቱም ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋል። ካሜራ የሚይዝ ይገኛል። ድምፅ የሚይዝ የለም፤ ዘግይቶ የመጣው ይሰጠዋል። ከዚያ ቀረጻው ሁሉ በካሜራው ማይክሮፎን ይቀዳና ኤዲቲንግ ላይ ጉድ ይፈላል። ሥዕሉ እንደ ፊልም ያምራል፣ ንግግሩ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ማይኩ ወደ ተናጋሪው አፍ መጠጋት እንዳለበት ያኔ ይገባቸዋል። ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ጸጥ ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መቅዳት እንዳለበትም እንዲሁ፤ አለዚያ በተቆረጠው ንግግር መሐል ድምፁ እልም እያለ ያስቸግራል። ቀጣዩ ፊልም ላይ ያ ድምፅ የያዘው ልጅ ተፈላጊ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የፋይሉን ነገርማ ተዉት። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ የተቀመጠ ፕሮጀክት አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ሆኖ ማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ሲጠፋ ያላየ ተመራቂ አለ ብዬ አላምንም። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ይህን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚተገብረው አንዴ የተቃጠለ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ከ2022 ወዲህ ጽሑፍ ተቀብለው ሥዕል የሚያወጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በሰፊው ሕዝብ እጅ ገብተዋል። «ማሽኑ የሚሠራውን ምን አስለፋህ?» ይባላል። አንዳንድ ኮሌጆች ደንግጠው ሙሉ በሙሉ ከለከሉ። ሌሎች ደግሞ በሌላው ጥግ ሄደው «ፕሮምፕት መጻፍ»፣ ማለትም ለማሽኑ የጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት፣ የሚል ኮርስ ከፈቱ። ይኼኛው የፍላሽን ሴሚስተር ያስታውሰኛል።

እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። መሣሪያው በአንድ ደቂቃ 40 ሥዕል ሊሰጥ ይችላል። ከ40ው ውስጥ የትኛው ለሥራው እንደሚሆን፣ እጁ ለምን እንደተጣመመ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ይኼ ስታይል የማን እንደሆነ ማየት ግን የሰለጠነ ዐይን ይፈልጋል። ዐይን ደግሞ የሚሰለጥነው በመሥራት ነው። ኳሷን በእጁ ያላስነጠረ ሰው ማሽኑ ያወጣት ኳስ ለምን እንደተንሳፈፈች አይገባውም። የመብቱ ጉዳይም አለ። ሰው ሳይደርስበት ማሽን ብቻውን የሠራው ሥዕል የቅጂ መብት እንደማያገኝ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2023 ወስኗል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2025 አጽንቶታል። ለደንበኛ ሎጎ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ይህን ካላወቀ መብቱ የሌለውን ነገር እየሸጠ ሊሆን ይችላል።

ይኼ ወደ ሁለተኛው የቤተሰብ ጥያቄ ይወስደኛል። ምን ልትበላ ነው?

እውነቱን ለመናገር በዚህ ሙያ ዲፕሎማውን አገላብጦ የሚያይ ቀጣሪ ጥቂት ነው። የሚታየው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የተመረጡ ሥራዎች ስብስብ፣ ነው። የአኒሜተር ማሳያ ቪዲዮ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጥሩው ሥራ መጀመሪያ ላይ ካልመጣ ቀሪውን የሚያይ የለም። ብዙ ተመራቂ ግን የሠራውን ሁሉ ያጭቅበታል፤ ደካማው ጠንካራውን ይዞት ይወርዳል። መምረጥ የሚማሩትም በዚያው በሂስ ክፍል ነው። ኮሌጆች በጣም የሚያጠፉት ደግሞ በገንዘቡ በኩል ነው። ውል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቅድሚያ ክፍያ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ደንበኛ «ትንሽ ብቻ ቀይርልኝ» እያለ ስንት ጊዜ ሊያስለውጥ እንደሚችል፣ የፎንት (የፊደል ቅርፅ) ፈቃድ ለግል ሲሆንና ለንግድ ሲሆን እንደሚለያይ ሳያውቁ የሚመረቁ ብዙ ናቸው። አንድ ሴሚስተር ከሶፍትዌሩ ላይ ተቀንሶ ለዚህ ቢሰጥ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም።

ሁሉም ሰው ኮሌጅ ይግባ እያልኩም አይደለም። ዕዳ ውስጥ ገብቶ ደካማ ኮሌጅ ከመማር ጥሩ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ የሚተማመኑባቸውን አራት አምስት ጓደኞች አሰባስቦ በየሳምንቱ ሥራ እየተያዩ መተቻቸት ይሻላል። የኮሌጁ ዋናው ነገር ያው እሱ ነበርና።

ለመግባት የወሰነ ግን በጉብኝት ቀን በሚያብለጨልጨው ስቱዲዮ ባይደለል ጥሩ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያሳዩት ሁልጊዜ ስቱዲዮውን ነው። አንድ የሂስ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ለመቀመጥ ይጠይቅ። እምቢ ካሉት ኮሪደር ላይ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጎ በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ያላለቀ ሥራውን ክፍሉ ፊት እንዳቀረበ ይጠይቀው። ተማሪው «የምናቀርበው ለፈተና ብቻ ነው» ካለው፣ ማመልከቻውን ሌላ ቦታ ይዞ ይሂድ።