በነጻ የምናነበው፣ ተደራድረን የማናገኘው

እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ ቀን ታክሲ ሲነዱ ውለው ማታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚገቡ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ እኩለ ሌሊት ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የሚከፍተው የምርምር ጽሑፍ ዳታቤዝ፣ ሻርሎትስቪል ባለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ ከሚከፍተው ጋር በብዙው አንድ ነው። ኮሌጁ ሀብታም ስለሆነ አይደለም። የክፍለ ግዛቱ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ቪቫ በሚባል ማኅበር ተሰባስበው፣ ምክር ቤቱ በሚመድበው ገንዘብ ላይሰንስ (የማንበቢያ ፈቃድ) አብረው ይገዛሉ። ብቻውን ቢሄድ ሻጩ ስልኩን እንኳ የማያነሳለት ኮሌጅ ከትልልቆቹ ጋር እኩል ይገባል።

ርካሽ መግዛቱ ግን ለኔ ዋናው አይደለም። ዋናው «አንገዛም» ማለት መቻሉ ነው። አሥር ካምፓስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ጆርናል አሳታሚ ለሆነው ለኤልዝቪር በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጥሎ ወጣ። ጥያቄው የዋጋ ብቻ አልነበረም፤ መምህራኖቻችን የሚጽፉት ለማንም ክፍት ይሁን የሚልም ነበረበት። ኩባንያው አዳዲሶቹን ጽሑፎች ዘጋባቸው፤ እነሱም ቻሉት። ሁለት ዓመት ቆይተው በመጋቢት 2021 ተስማሙ፣ ጽሑፉም ክፍት ሆነ። ስዊድኖችም ከዚያ ቀደም ብለው በ2018 ያንኑ አድርገዋል። አንድ ቤተ መጻሕፍት ለብቻው ቢያኮርፍ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

አገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ይሠራል። በቴሌግራም «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ፒዲኤፍ አውርድልኝ» ይለኛል። (ላይሰንሱ ለተመዘገበ ተማሪና ለሠራተኛ ብቻ ነው የሚለው፤ ስንቱ ዳያስፖራ በዚህ በኩል ሕግ እንደጣሰ እግዜር ይቁጠረው።) የገረመኝ ከሚጠይቀኝ ብዙው እዚያው ሊገኝ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ አሳታሚዎች ለድሃ አገሮች ጆርናል በነጻ ወይም በርካሽ በሚከፍቱበት በሂናሪ፣ በኋላም ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ሥርዓት፣ ኢትዮጵያ ምንም ከማይከፍሉት አገሮች ተርታ ናት። የሚያስፈልገው ተቋሙ መመዝገቡና ተማሪው የይለፍ ቃሉን ማግኘቱ ነው። የይለፍ ቃሉ አንድ ሠራተኛ ጋ ነው፤ ሠራተኛው ስብሰባ ነው፤ ሰውየው ሲገኝ ኔትወርክ የለም።

ይህ ይስተካከላል። እኔን የሚያሳስበኝ ስጦታነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 አንዳንድ ትልልቅ አሳታሚዎች በሂናሪ በኩል ለባንግላዴሽ ከፍተውት የነበረውን ጆርናል፣ እዚያ ከፍሎ የሚገዛን ደንበኛ አገኘን ብለው ለመዝጋት ተነሡ። ጩኸቱ ሲበረታ መለሱት። ያዳነው ጩኸት ነው፤ ውል አልነበረም። እኛም ነገ «አሁንስ አደጋችሁ፣ ክፈሉ» ብንባል የሚደራደርልን ማነው?

ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሲርል የተባለው የኢትዮጵያ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኮንሶርሺየም አለ፤ ኢአይኤፍኤል ከሚባለው፣ ላይሰንስ ከሚደራደረው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋርም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ክፍት ይሁን የሚል አገራዊ ፖሊሲ ወጥቷል። ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው አገር እንደ እድር ቋሚ መዋጮ ቢያወጣ፣ ለመነሻ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ግን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በጀቱን ራሱ በማያዝበት፣ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት በሚያስቸግርበት ቤት ማን ነው ቀድሞ የሚያዋጣው? የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ለሕንፃ ምረቃ ሲሰበሰቡ አያለሁ፤ ለጆርናል ዋጋ አንድ ላይ ተቀመጡ ሲባል ገና አልሰማሁም።